ኮብለር፦ ከራት በተረፈ ፍም የሚጋገር የፍራፍሬ ጣፋጭ

በዚህ እትም ስለ ጣፋጭ ምግብ ልንጽፍ ነው ስንል ከመካከላችን አንዷ መምህርት «ራሽን በጎደለበት ጊዜ ስለ ጣፋጭ ማውራት አይከብድም ወይ?» ብላ ጠየቀችን። ጥያቄዋ ትክክል ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. እዚህ ካኩማ ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ አንድ ኩባያ ዱቄት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ጽሑፉን እንድንጽፍ ያደረገንም ይኸው ጥያቄ ነው። በየቀኑ የሚጣሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ገበያ ላይ በሙቀት ብዛት ልስልስ ያለ፣ ነጋዴው ማታ በርካሽ የሚሸጠው ማንጎና ሙዝ ነው። ሁለተኛው፣ ራት ከተሠራ በኋላ በጂኮው ውስጥ ዝም ብሎ አመድ የሚሆነው ፍም ነው። እነዚህን ሁለቱን ከአንድ ኩባያ ተኩል ዱቄት ጋር ብናገናኛቸው ስምንት ሰው የሚቀምሰው ነገር ይወጣል። ስሙ ኮብለር ይባላል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንናገር። የተበላሸ ዱቄት አይተካም። ስለዚህ እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደዚያ እንደሚሠራም እንጽፋለን። ምክንያቱን ያወቀ ሰው የጎደለውን በሌላ መተካት ይችላል፤ ያላወቀ ግን በራሽኑ ይማርበታል። እኛም እንደዚያ ሆነን ነበር።

ኮብለር ምንድን ነው?

ተማሪዎች መዝገበ ቃላት ብታዩ ኮብለር ማለት ጫማ ሰፊ ነው ይላችኋል። አትደናገጡ፣ ምግቡ ሌላ ነው። ከታች በስኳር የበሰለ ፍራፍሬ አለ፤ ከላይ በማንኪያ እየተቆረሰ የተጣለ ሊጥ ተጋግሮበታል። ሊጡ ሲበስል እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ስለሚል ድንጋይ የተነጠፈበትን መንገድ ይመስላል። ስሙም ከዚያ መጣ የሚሉ አሉ።

አገሩ አሜሪካ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በጋሪ ወደ ምዕራብ የሚጓዙ ሰዎች ከእነሱ ጋር ምድጃ ይዘው መሄድ አይችሉም ነበር። የያዙት ወፍራም የብረት ድስት ነው። ድስቱ ከሥሩ እግር፣ ክዳኑም ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ ነበረው። እግሩ ፍም ከሥር ለማስገባት፣ ጠርዙ ደግሞ ፍም ከክዳኑ ላይ እንዳይንሸራተት ነው። ደረቅ ፍራፍሬ በውኃ ያርሱና ሊጥ ጣል አድርገውበት ይጋግሩ ነበር። ተጓዦቹ እንደ እኛ ስደተኞች አልነበሩም፤ መሬት ፍለጋ የወጡ ናቸው፣ በእነሱም ምክንያት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ብዙዎቹ ከመሬታቸው ተፈናቅለዋል። ሆኖም ያለ ኦቭን የመጋገር ዘዴያቸው ለእኛ ኑሮ ይሆናል።

እንዴ፣ ይሄ እኮ የድፎ ዳቦ ዘዴ ነው የሚል አይጠፋም። ልክ ነው! እናቶቻችን ድፎ ሲደፉ ከላይም ከታችም እሳት ያደርጋሉ። ስለዚህ ኮብለር ለእኛ በስሙ እንጂ በአሠራሩ እንግዳ አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ8 ሰው)

መለኪያችን 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ የግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ሙሉና ለሁለት ኩባያ እኩል አካፍሉት። ውኃው የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ፤ ያ አንድ ኩባያ ነው።

ለፍራፍሬው፦
- የተላጠና የተቆራረጠ ማንጎ 4 ኩባያ (ማንጎ ከሌለ ሙዝ፣ ወይም ሁለቱን ቀላቅሎ)
- ስኳር ሩብ ኩባያ (ፍሬው በጣም ከበሰለ ከዚያም ያነሰ)
- የፉርኖ ዱቄት 1 የሾርባ ማንኪያ
- የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ቀረፋ ካለ ትንሽ

ለሊጡ፦
- የፉርኖ ዱቄት 1 ኩባያ ተኩል
- ስኳር ሩብ ኩባያ
- ቤኪንግ ፓውደር 2 የሻይ ማንኪያ
- ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ
- ዘይት ሩብ ኩባያ
- ወተት ወይም ውኃ ግማሽ ኩባያ

የዱቄት ወተት በውኃ በጥብጦ መጠቀም ይቻላል። በውኃ ብቻ ከተሠራ የጾም ነው፤ ዓቢይ ጾም ላይ ያለም ሰው ይበላዋል። በረመዳን ደግሞ ለማፍጠሪያ ጥሩ ነው።

አሠራር

1. ፍሬውን በንጹሕ ውኃ እጠቡ። የተመታውን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ። ሻጋታ የያዘ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ሙሉውን ጣሉት።

2. ሰፋ ያለ ድስት ወይም ሱፉሪያ ውስጡን ዘይት ቀቡት። ፍሬውን ከስኳሩ፣ ከዱቄቱ፣ ከሎሚውና ከቀረፋው ጋር እዚያው ቀላቅሉና አሥር ደቂቃ ተዉት። ውኃ ያወጣል።

3. ድስቱን ክዳን ሳታደርጉ በለዘብተኛ እሳት ላይ ጣዱት፤ ፍሬው ፈላ ፈላ እስኪል ድረስ ብቻ።

4. ይህ በእንዲህ እንዳለ በሌላ ዕቃ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን ደረቁን ቀላቅሉ። ዘይቱን ጨምሩና በጣት አሻሹት። በመጨረሻ ወተቱን ወይም ውኃውን ጨምሩና በማንኪያ ዞር ዞር አድርጋችሁ ወዲያው አቁሙ። ሊጡ ትንሽ ቢጓጉል ምንም አይደል።

5. ሊጡን በማንኪያ እየቆረሳችሁ በፈላው ፍሬ ላይ አራርቃችሁ ጣሉ። አታማስሉት።

6. ክዳኑን ግጠሙ። ክዳኑ ላይ ስስ አመድ በትኑና ፍም አድርጉበት። ፍሙን ለሦስት ከፍላችሁ ሁለቱን እጅ ከላይ፣ አንዱን እጅ ከታች አድርጉ። ከራት የተረፈው ካነሰ አንድ እፍኝ ከሰል ጨምሩ።

7. ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ሃያ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አትክፈቱ፤ በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀት ይወጣል። ንጹሕ ስንጥር ሊጡ ውስጥ ስትከቱት ሊጥ ሳይይዝ ከወጣና ላዩ ቡናማ ከሆነ በስሏል። አውርዳችሁ አሥር ደቂቃ አሳርፉት፤ ትኩስ የስኳር ጭማቂ ምላስ ያቃጥላል።

እኛ የተሳሳትነው የት ነው?

የመጀመሪያው ቀን ከላይ ፍም አላደረግንም። እሳቱ ሁሉ ከሥር ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የማቃጠል ሽታ መጣ። ከፍተን ስናይ ከሥር ስኳሩ ከስሎ ድስቱ ላይ ተጣብቋል፤ ከላይ ደግሞ ሊጡ ነጭና ጥሬ ነው። ሕፃናቱ ሰሃናቸውን ይዘው እየጠበቁ ነበር። ከመካከል ያልነካውን ማንጎ እያወጣን በማንኪያ አከፋፈልናቸው፤ ዱቄቱ ግን ጠፋ። የዚያን ቀን ማንም ብዙ አላወራም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ፍራፍሬው በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ፣ ውኃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እምብዛም አያልፍም። ሊጡን ከሥሩ በእንፋሎት ያበስለዋል እንጂ ቡናማ አያደርገውም። ሊጥ ቡናማ የሚሆነውና ያ ጥሩ የዳቦ ሽታ የሚመጣው ገጹ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ነው። ያንን ሙቀት የሚሰጠው ከላይ ያለው ፍም ነው። ከሥር ያለው እሳት ከበዛ ደግሞ ውኃው ከድስቱ ሥር ይደርቅና ስኳሩ ያርራል።

ሌሎቹ ነገሮችስ ለምን?

ቤኪንግ ፓውደር። በ1843 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ በርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሠራው ሚስቱ እርሾ ስለማይስማማት ነው። ውስጡ ቤኪንግ ሶዳና ደረቅ አሲድ አለ። ውኃና ሙቀት ሲያገኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይሠራሉ፤ ጋዙም ሊጡን ይነፋዋል። እርሾ ሰዓታት የሚፈጅበትን ይህ በደቂቃዎች ይሠራዋል። በሙቀትና በእርጥበት ባልተከደነ ዕቃ ከቆየ ግን ኃይሉን ያጣል። ዱቄታችሁን ከማቡካታችሁ በፊት ፈትኑት፦ ትንሹን ሙቅ ውኃ ላይ ጣል አድርጉ፤ ካልተንቸፈቸፈ ሞቷል።

ቤኪንግ ሶዳ ብቻ ካለስ? ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከደረቁ ዱቄት ጋር ቀላቅሉ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ከውኃው ጋር አድርጉና ውኃውን በዚያው ልክ ቀንሱ። ሎሚው አሲዱን ይሰጣል። ግን ጋዙ ወዲያው መውጣት ስለሚጀምር ሊጡን ሳታስቀምጡ ጋግሩት።

ለምን አናሽም? ለዳቦ ሊጥ የምናሸው በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን እንደ ላስቲክ እንዲለጠጥ ነው። ኮብለር ግን ፍርፍር የሚል መሆን አለበት። ብዙ ከታሸ ይደርቃል። ዘይቱን አስቀድመን ከዱቄቱ ጋር ማሻሸታችንም ግሉተኑ እንዳይበዛ ነው። ስንዴ ካነሰ አንድ ሦስተኛውን በበቆሎ ዱቄት መተካት ይቻላል።

ፍሬው ውስጥ ያለው ዱቄት። ስኳር ከፍሬው ውኃ ይስባል፤ ዱቄቱ ደግሞ ሲሞቅ ያንን ውኃ ያወፍረዋል። ያለሱ ሾርባ ይሆንባችኋል።

ጥንቃቄ

በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ውጭ፣ ከድንኳንና ከሣር አጥር ራቅ ብላችሁ ሥሩ፤ ነፋስ ካለ ፍም ይበተናል። ሕፃናትን አርቁ። የፕላስቲክ እጀታ ያለው ክዳን አይሁን። የቤት ክዳን ቆርቆሮም አትጠቀሙ፤ የተለበጠበት ዚንክ ሲግል ለጤና ጥሩ አይደለም። የተረፈውን በአሉሚኒየም ድስት አታሳድሩ፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ በዕለቱ ይበላ።

ለመምህራን

አንዱ ድስት ለሦስት ትምህርት ይሆናል። ለሳይንስ፦ ሶዳ በሎሚና ሶዳ በውኃ አወዳድሩ። ለእንግሊዝኛ፦ ተማሪዎች አሠራሩን በትእዛዝ አንቀጽ ይጻፉት። ለሒሳብ የሚከተሉትን ስጧቸው፦

1. የ8 ሰው መጠን ከዚህ በላይ ያለው ነው። ለ20 ሰው ስንት ኩባያ ዱቄት ለሊጡ ያስፈልጋል? (መልስ፦ በ2 ተኩል ሲባዛ 3 ኩባያና ሦስት ሩብ)

2. አንዱ ድስት ዲያሜትሩ 20 ሳ.ሜ.፣ ሌላው 28 ሳ.ሜ. ነው። ትልቁ የትንሹን ስንት እጥፍ ስፋት አለው? (መልስ፦ ወደ 2 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ እጥፍ ሊጥ ይችላል፤ በትንሹ ድስት እጥፍ ብትከምሩ ግን መካከሉ ጥሬ ይቀራል።)

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሞክር ከላይ ፍም አደረግን፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃም ጠበቅን። ክዳኑ ሲነሳ ያቺው ጠያቂዋ መምህርት ቀድማ ሰሃን አቀረበች። ቀምሳ ስትጨርስ «ይሄንንስ ጻፉት» አለችን። ይኸው ጻፍነው። እናንተም ስትሞክሩ የለወጣችሁትን፣ የተቃጠለባችሁንም ጭምር ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

መልካም ራት!