ወዲያው የሚደርሰው ፎቶግራፍና የቤተሰብ ማስታወሻ



«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንዲሉ አበው፣ ጥምቀት ሕዝባችን አምሮና ተውቦ አደባባይ የሚወጣበት ዕለት ነው። በዚህም የተነሣ በዕለቱ ፎቶግራፍ መነሣት ልማድ ሆኗል። በለቡ መብራት ኃይልም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ሠፈሮች፣ ከእጅ ስልክ ሌላ፣ ያነሣችውን ፎቶግራፍ እዚያው አትማ የምታወጣ ትንሽ ካሜራ የያዘ ወጣት ቢያጋጥመን ሊደንቀን አይገባም። ይህች ካሜራ ለወጣቶች አዲስ ብትመስልም፣ ለአባቶቻቸው «ፖላሮይድ» በሚል ስም የታወቀች ናት።

የዚህ ዘዴ ፈልሳፊ አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 የሦስት ዓመት ልጃቸው ያነሷትን ፎቶግራፍ ለምን ወዲያው ማየት እንደማትችል ጠየቀቻቸው። ከዚህ የሕፃን ጥያቄ የተነሣው ሐሳብ በ1947 ለሕዝብ ታየ፤ በ1948 ደግሞ ለገበያ ቀረበ። በዛሬዎቹ ካሜራዎች፣ በፊልሙ ጠርዝ የታሸገው ኬሚካል በሁለት ተሽከርካሪ ዘንጎች መካከል ሲጨመቅ በገጹ ላይ ይዳረሳል፤ ምስሉም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጎልቶ ይወጣል።

ዲጂታል ካሜራ ሲስፋፋ የፖላሮይድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ፊልም ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሆኖም በዚያው ዓመት ጥቂት ሰዎች ከቀድሞ ሠራተኞች ጋር በመሆን በሆላንድ፣ ኤንስኬዴ ከተማ የነበረውን ፋብሪካ ከመፍረስ አዳኑት፤ በ2010ም አዲስ ፊልም አወጡ። የጃፓኑ ፉጂፊልም ከ1998 ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው «ኢንስታክስ» ደግሞ በዋነኛነት በወጣቶች ፍላጎት በዓለም ዙሪያ እጅግ ተስፋፍቷል።

ወጣቶቹ ወደዚህ የተመለሱት ያለ ምክንያት አይደለም። በስልክ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶግራፍ ቢከማችም በእጅ የሚያዝ፣ በግድግዳ የሚሰቀል ግን አንድም ላይኖር ይችላል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የተነሣው ፎቶግራፍ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲሰበር አብሮ ይጠፋል። ኀዘን በደረሰ ጊዜማ፣ ለለቅሶው የሚያዝ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ፍለጋ ቤተሰቡ ከስልክ ስልክ ሲንከራተት ማየት የተለመደ ሆኗል። አያት የልጅ ልጃቸውን መልክ ለማየት ስልክ የሚከፍትላቸው ሰው መጠበቅ ግድ ሆኖባቸዋል።

ይሁን እንጂ ይህም ፎቶግራፍ ጉድለት አለው። ፊልሙ ውድ ነው፤ በአንድ እሽግ የሚገኘውም ከ8 እስከ 10 ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እንደ ቀድሞው ፊልም ነጌቲቭ ስለሌለው አንዱ ከጠፋ ሌላ ማሳጠብ አይቻልም። ፀሐይና እርጥበትም ቀለሙን ያደበዝዙታል። ስለሆነም ከመስኮት ብርሃን ርቆ በአልበም ቢቀመጥ፣ እንደወጣም ባይርገበገብና ባይታጠፍ፣ በነጩ ኅዳግ ላይ የተነሺው ስምና ቀኑ ቢጻፍ፣ ለመጠባበቂያም በስልክ ቅጂው ቢያዝ መልካም ነው።

ካሜራዋ ለሌለው ቤተሰብም መንገዱ አልተዘጋም፤ በስልክ ከተነሣው መካከል አንዱን መርጦ ማሳጠብ ይቻላልና። በዛሬው በዓል ቤተሰብ ተሰብስቦ ሳለ ልጆች በቅድሚያ አያቶቻቸውን ቢያነሡ፣ የታተመውንም በእጃቸው ቢያኖሩላቸው፣ ለዛሬ ስጦታ፣ ለነገ ደግሞ የማይገኝ ቅርስ ይሆናል።

መልካም በዓል!