ለታማሚው ሳይነገር የሚቀረው ውጤት

ከመቂ ወይም ከአርሲ ወረዳዎች አዳማ ድረስ መጥተው ከጡታቸው ናሙና የተወሰደላቸው እናት ውጤታቸው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይመጣል። ሐኪሙ ኦሮምኛ ካልቻለ በአማርኛ ያስረዳል፤ እሳቸው አማርኛ ካልሰሙ አብሯቸው የመጣው ልጅ ያስተረጉማል። ልጁ ታዲያ የሰማውን ሁሉ አይነግራቸውም። «እጢ ነው፣ ይድናል» ብሎ ያልፈዋል፤ ወረቀቱም እሱ ኪስ ይገባል።

በክፋት አይደለም። ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም፤ ቀድሞ የሚሰማው ቤተሰብ ነው። መርዶ እንዴት እንደሚረዳ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ካሊፎርኒያ የገቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችና የአሜሪካ ሐኪሞች የሚጋጩት እዚሁ ላይ መሆኑን አሳይተዋል፤ ሐኪሙ ለታማሚው ፊት ለፊት መናገርን እንደ ግዴታ ያያል፣ ቤተሰቡ ያንኑ እንደ ጭካኔ ይቆጥረዋል። ባህሉ ርኅራኄ እንዳለው አልክድም። ኬሞቴራፒ ግን በዙር የሚሰጥ፣ ወራት የሚፈጅ፣ ጠጉር የሚያረግፍ ሕክምና ነው። ለምን እንደሚታከም ያልተነገረው ሰው እጢው ሲቀንስ «ድኛለሁ» ብሎ መሃል ላይ ቢያቋርጥ ማን ይፈርድበታል?

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል፣ ታካሚው ላቲኖ ይሁን ሐበሻ፣ እንግሊዝኛ ካልቻለ በቋንቋው የማገልገል ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። እኛ ጋ የአስተርጓሚነቱ ሥራ በአስታማሚው ላይ ይወድቃል።

ርቀቱም ነገሩን ሲያባብስ ኖሯል። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 የጨረር ሕክምና ከጀመረ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው ማዕከል ነበር፤ ጅማና ሐረማያን የመሳሰሉት የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በዓመት 77 ሺህ ገደማ ሰው በካንሰር እንደሚያዝ ተገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በፈጣን መንገዱ ከአዳማ አዲስ አበባ መድረስ ቀላል ሆኗል፤ የጨረር ወረፋው ግን በወራት ሲቆጠር ከርሟል። አልጋ ተከራይቶ፣ አስታማሚ አስከትሎ ተራ መጠበቅ ስንቱን ከብት እንዳሸጠ የአካባቢው ሰው ያውቃል።

ሕዝቡ ስለ ካንሰር ምንም አያውቅም የሚባለውን አልቀበልም። ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን መጨረሻውን ነው፣ ሞቱን። የጎደለው የመጀመሪያው ምልክት ነው። ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ «አያመኝም» ደግሞ ለብዙ ሴት «ምንም አይደለም» ማለት ነው። ሲያም ጸበል ወይም የባህል ሐኪም ይቀድማል። «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ከናሙና ያሸሻል። የማህፀን በር ካንሰር ምርመራው ደግሞ አሴቲክ አሲድ ቀብቶ ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር መኖሩን ማየት ነው፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። አገልግሎቱ በመጀመሪያ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ስለቀረበ ግን «የእነሱ ምርመራ ነው» የሚል ሐሜት አልለቀቀውም። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረውን የዚሁ ካንሰር መከላከያ ክትባትም «ያመክናል» የሚል ወሬ ተከትሎታል። አያመክንም።

አርሲና ባሌ ላይ ግን የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር እዚያ ጎልቶ ይታያል፤ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በምሥራቁ የአህጉሩ ክፍል የሚዘልቀው ሰፊ መስመር አካል ነው። ታማሚው «ለምን እኔን?» ሲል ሐኪሙም እቅጩን መናገር አይችልም። ትኩስ ገንፎና ሻይ፣ የማዕድ ቤት ጭስ፣ ሌላም ይጠረጠራል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥን «ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም» ከሚላቸው ተርታ አስገብቶታል፤ የአርሲውን በሽታ ለብቻው ያስረዳል ያለ ግን የለም። ምልክቱ ግን ይታወቃል፤ መጀመሪያ እንጀራና ሥጋ አልወርድ ይላል፣ ከዚያ ገንፎ፣ በመጨረሻ ውሃ። ሐኪም ቤት መኬድ ያለበት እንጀራው አልወርድ ሲል ነው፤ ብዙዎች የሚመጡት ግን ውሃው ላይ ሲደርሱ ነው።