ሻማው ሳይለኮስና ከተለኮሰ በኋላ

ሻማ ለኢትዮጵያ ገበያ አዲስ ዕቃ አይደለም፤ ከማር ሰም የሚሠራው ጧፍ ከጥንት ጀምሮ ለቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል የኖረ ሲሆን፣ ከፓራፊን ማለትም ከነዳጅ ዘይት ተረፈ ምርት የሚሠራው ነጭ ሻማም መብራት በጠፋ ቁጥር ከየሱቁ የሚፈለግ የዕለት ዕቃ ነው። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ በየቤቱ እየተሠራ በባዛር፣ በስጦታ ዕቃ መደብርና በቴሌግራም የሚሸጠው ባለ መዓዛ ሻማ ግን ከሁለቱም ይለያል፤ ገዥው ገንዘቡን የሚያወጣው ለብርሃኑ ሳይሆን ለሽታው ስለሆነ፣ ነበልባሉ ሳይርገበገብ እስከ መጨረሻው የነደደ ነገር ግን ክፍሉን ያላወደ ሻማ ጧፍ ሠሪ ቢሠራው የሚመሰገንበት፣ የመዓዛ ሻማ ሠሪ ቢሠራው ደግሞ ደንበኛ የሚያጣበት ሥራ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ገዥው ሻማውን የሚመርጠው ሳይለኮስ በመሆኑ ነው። ክዳኑን ከፍቶ አሽትቶ ይወስነዋል፤ የሚጠቀምበት ግን ለኩሶ ነው። ያልተለኮሰ ሻማ የሚሰጠው መዓዛ ቀዝቃዛ ሽታ፣ ሲነድ ወደ ክፍሉ የሚያሰራጨው ደግሞ ሙቅ ሽታ ሊባል ይችላል፤ ሁለቱ አንዱ ለሌላው ዋስ አይሆኑም። ቶሎ የሚተኑት የሎሚና የብርቱካን ዓይነት ሽታዎች በብርጭቆው አፍ ላይ ጎልተው ተሰምተው ሻማው ከተለኮሰ በኋላ ሊደበዝዙ ሲችሉ፣ ከበድ ያሉት የቫኒላና የእንጨት ሽታዎች ደግሞ በሙቀት ይበልጥ የሚገለጡበት ጊዜ አለ። ባዛር ላይ ሰው ያሰባሰበው ሻማ በሳምንቱ ቅሬታ ይዞ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሰም በጠጣርነቱም ሆነ በፈሳሽነቱ እንዳለ አይነድም፤ የሚነደው ተኑ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ በ1860 እና በ1861 እ.ኤ.አ. መካከል በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለወጣቶች በሰጣቸው የታወቁ ትምህርቶች ይህንን በሻማ አስረድቷል፤ ዛሬም ማንም ሰው ሻማ እፍ ብሎ አጥፍቶ ከክሩ ጫፍ ወደ ላይ በሚወጣው ነጭ ጭስ ላይ የተለኮሰ ክብሪት ቢያስጠጋ፣ እሳቱ ጭሱን ተከትሎ ወርዶ ሻማውን መልሶ ሲለኩሰው ያያል፤ ጭስ መስሎ የሚታየው የሰም ተን ነውና። የነበልባሉ ሙቀት ሰሙን ያቀልጣል፣ ክሩ የቀለጠውን እየሳበ ወደ ላይ ያወጣል፣ ጫፉ ላይ የደረሰው ተንኖ ይነድዳል። መዓዛው በአብዛኛው የሚወጣው ግን ከነበልባሉ አይደለም፤ በዙሪያው ከተንጣለለው የቀለጠ ሰም ኩሬ ላይ እየተነነ ነው፤ ስለዚህ የኩሬው ስፋት የሽታውን ብርታት ይወስናል፣ የኩሬውን ስፋት ደግሞ ክሩ ይወስነዋል።

ጀማሪ ሠሪ ሐሳቡን ሁሉ በሽታው ላይ ጥሎ ክሩን እንደ ተራ ነገር የሚያይበት ልማድ የብዙ ኪሳራ ምንጭ ነው። ለጧፍ የሚውለው የተፈተለ ጥጥ ለጣት ለማይሞላ ቀጭን ሰም የተለካ በመሆኑ፣ ወርዱ 7.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ብርጭቆ ውስጥ ሲተከል መሐሉን ብቻ እየቦረቦረ ወርዶ በራሱ ቅላጭ ሰጥሞ ይጠፋል። ለብርጭቆ ሻማ የሚያገለግለው የተጎነጎነ ክር ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ካምባሴሬስ በ1825 እ.ኤ.አ. ገደማ ያስተዋወቀው ይህ አሠራር ክሩ ሲነድ ጫፉ ወደ ጎን ጎንበስ ብሎ ከነበልባሉ ጠርዝ ስለሚደርስ ራሱን በራሱ እንዲያቃጥል አድርጓል፤ ከዚያ በፊት የከሰለውን ጫፍ ቶሎ ቶሎ በመቀስ መቁረጥ ግድ ነበር። ክሩ ከሚገባው በላይ ሲወፍር ሌላ ጣጣ አለው፤ ጫፉ ላይ የእንጉዳይ ራስ የሚመስል ከሰል ይቋጠራል፣ ብርጭቆው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ግድግዳውም ከመጠን በላይ ይግላል። ዓይነቱ ያልታወቀ፣ በውስጡ ብረት ያለው ክር ከገበያ ሲገዛም ጥንቃቄ ያሻል፤ እርሳስ ያለባቸው ክሮች በጭሳቸው መርዛማነት ምክንያት በአሜሪካ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታገዱ ሲሆን፣ የብረቱ ጫፍ ነጭ ወረቀት ላይ ሲታሽ እንደ እርሳስ እስክሪብቶ ግራጫ መስመር ከተወ ያንን ክር መጣል ነው።

ትክክለኛውን ክር ለማግኘት ከሙከራ ሌላ መንገድ የለም። በአንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ በአንድ ዓይነት ሰምና በአንድ ዓይነት መዓዛ ሦስት ሻማ ይቀዳል፤ የሚለያየው የክሩ ውፍረት ብቻ ሲሆን መለያው በብርጭቆው ሥር ይጻፋል። ክሮቹ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቀርተው ከተቆረጡ በኋላ ሻማዎቹ ነፋስ በማይገባበት ቦታ ለአራት ሰዓት ይነድዳሉ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዘቅዛሉ፣ እንደገና ይለኮሳሉ፤ በእያንዳንዱ ዙር የኩሬው ስፋት በማስመሪያ ተለክቶ ይመዘገባል። የውጭ አምራቾች ክር ከነሠንጠረዡ ሲሸጡ ሠንጠረዡ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ አየሯ የሳሳ ከተማ ስትሆን፣ ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ይህንን አላሰበም። ከፍታው የሚጠቅምበት ቦታም አለ፤ ውኃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ ውኃው እስካላለቀ ድረስ ከፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ የሚቀልጥ ሰም ከዚያ በላይ ሊግል አይችልም። ሰምን በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ ግን የትም ቢሆን አደገኛ ነው፤ ከተቀጣጠለም በክዳን ይታፈናል እንጂ ውኃ አይደፋበትም።

ስለ መዓዛው ሲነሣ፣ በየጊዜው የሚታየው ስሕተት ለሰውነት የተሠራ ሽቶ ሰም ውስጥ መጨመር ነው። ሽቶ አብዛኛው አልኮል በመሆኑ ከሰም ጋር አይዋሐድም፣ በትኩስ ሰም ላይ ሲፈስም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ለሻማ የሚሆነው የመዓዛ ዘይት ሲሆን፣ ይኸውም በፋብሪካ የተቀመመ ወይም ከተክል በእንፋሎት የተጣራ፣ በተለምዶ ኢሴንሻል ኦይል የሚባለው ነው። ልኩ እንደ ሰሙ ዓይነት ከሰሙ ክብደት ከ6 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል፤ ለ200 ግራም ሰም 8 በመቶ ቢታሰብ 16 ግራም ዘይት ማለት ነው፣ ይህም በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ይለካል። ከልኩ በላይ የተጨመረ ዘይት ሰሙ ስለማይሸከመው በላዩ ላይ ያልበዋል፣ ክሩንም ያፍነዋል።

የአገር ውስጥ መዓዛን ወደ ሻማ ማስገባት የብዙዎች ምኞት ነው፣ ምኞቱም የሚደገፍ ነው፤ ሆኖም ዕጣን አስቸጋሪ ነው። የተፈጨ ዕጣን ሰም ውስጥ ሲጨመር ሙጫማ ክፍሉ ስለማይሟሟ ከሥር ይዘቅጣል፣ የቀረውም ክሩን ይደፍናል። በእንፋሎት የተጣራው የዕጣን ዘይት በአንጻሩ ከሰም ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ለብዙ ኢትዮጵያዊ የዕጣን ሽታ ማለት ፍም ላይ የተጨሰው ሽታ ስለሆነ፣ ጭስ የሌለበትን፣ ወደ ፍራፍሬ የሚያደላውን የዘይቱን መዓዛ አሽትቶ «ይሄ ዕጣን አይደለም» ቢል አይፈረድበትም። ሳይቃጠሉ የሚሸተቱትን እንደ ጠጅ ሣር ያሉትን መምረጡ የተሻለ መንገድ ይመስላል፤ ኮሰረትን ግን፣ ምንም ያህል ቢያውድ፣ ሳሎን ውስጥ የለኮሰ ሰው እንግዶቹ ቅቤ የት እንደሚነጠር ሲፈልጉ ሊያገኛቸው ይችላል። ለጌጥ ተብሎ ሻማው ላይ የሚነሰነሰው የቡና ፍሬና የደረቀ አበባም ክሩ አጠገብ ሲደርስ ሁለተኛ ክር ሆኖ ስለሚቀጣጠል ቢቀር ይመረጣል።

የማር ሰም ከጠጅ ቤቶች ሰፈፍ ጭምር እየተጣራ በአገር ውስጥ የሚገኝ፣ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ጥሩ ሰም ቢሆንም፣ የራሱ የማር ሽታ ስላለው ለስስ መዓዛዎች አይመችም። ስለሆነም ብዙ ሠሪዎች ከውጭ በሚገባ የአኩሪ አተር ሰም ይሠራሉ፤ ይህም ዋጋቸውን ከዶላር ጋር አስሮታል። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ በመድረሱ፣ ሰም፣ ክርና የመዓዛ ዘይት ከውጭ የሚያስመጣ ሠሪ የቀድሞ ዋጋውን ይዞ መቆየት አልቻለም። በዚህ ላይ የአኩሪ አተር ሰም ሻማ ከተቀዳ በኋላ መዓዛው እስኪዋሐድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ማረፍ ስላለበት፣ ለገና የሚሸጠው በኅዳር መጨረሻ መሠራት አለበት፤ ገንዘቡም እስከዚያ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ገዥው ጋ የሚደርሰው መመሪያ አጭር መሆን ያለበት ሲሆን ዋነኛው ነገር የመጀመሪያው መለኮስ ነው። ሰም መጀመሪያ የቀለጠበትን ክብ ተከትሎ ደጋግሞ የመቅለጥ ጠባይ ስላለው፣ በግማሽ ሰዓት የጠፋ ሻማ ከዚያ በኋላም መሐሉን ብቻ ይቦረቡራል፤ ወርዱ 7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሻማ ኩሬው ጠርዝ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ቡናው ሲቆላ ተለኩሶ በረካው ተጠጥቶ ስኒው እስኪታጠብ ይንደድ ቢባል ከሰዓት ቁጥሩ ይልቅ በቀላሉ ይታወሳል፤ ሰው ሁሉ ከአጠገቡ የማይጠፋበት ሰዓት መሆኑም ከአደጋ አንጻር ይጠቅማል።

ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ሰም፣ ብርጭቆ፣ ክር፣ ዘይትና ካርቶን ተደምረው ለሙከራ የተቃጠሉት ሻማዎች ይረሳሉ። አሥራ ሁለት መዓዛ በሁለት ዓይነት ብርጭቆ ለገበያ ላቅርብ የሚል ሠሪ እያንዳንዱን በሦስት ክር ከሞከረ 72 ሻማ ማንደድ አለበት፤ ይህንን ስለማይችል አብዛኛውን ሳይሞክር ይሸጣል፣ ሙከራውም ወደ ገዥው ቤት ይሻገራል። ሦስት መዓዛ በአንድ ዓይነት ብርጭቆ የሚሠራው ግን ዘጠኝ ሻማ አንድዶ ይጨርሳል፣ የዘጠኙንም ወጪ በሚሸጠው ላይ ማከፋፈል ይችላል።