ያልወረደ የዘር ፍሬ፦ ከአይጥ ልጆች የተገኘ ትምህርት

ወንድ ልጅ ሲወለድ ቤተሰብ ይደሰታል፤ ክብደቱ ይጠየቃል፣ ስም ይወጣል፣ አቂቃ ይታረዳል። ነገር ግን ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ በከረጢታቸው ውስጥ መኖራቸውን የሚያረጋግጥ ወላጅ ስንቱ ነው? ነገሩ ነውር ስለሚመስል ይታለፋል። ልጁ አድጎ ትዳር ሲይዝና መውለድ ሲሳነው ግን ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በሚስቱ ላይ ነው።

የወንድ ልጅ የዘር ፍሬ የሚፈጠረው ሆድ ውስጥ ነው። ከመወለዱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ወራት ቁልቁል ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። ጊዜያቸውን ጠብቀው ከሚወለዱ 100 ወንዶች በ3 ያህሉ ላይ አንዱ ወይም ሁለቱም ሳይወርዱ ይቀራሉ። ያለጊዜያቸው በሚወለዱት ላይ ቁጥሩ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

“ሲያድግ ይወርድለታል” ብሎ መጠበቅ ለምን ይጎዳል? መልሱን ለመረዳት ተመራማሪዎች ገና በተወለዱ የአይጥ ልጆች ላይ ያዩትን እንመልከት። የአይጥ ልጅ ሲወለድ በዘር ፍሬው ውስጥ ያሉት የመጀመሪያዎቹ የዘር ሕዋሳት በቀጫጭን ቱቦዎች መካከል እንደተኙ ያህል ናቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይነቃሉ፣ ይባዛሉ፣ ወደ ቱቦው ግድግዳም ይጠጋሉ። አንድ ሳምንት ገደማ ሲሞላው ከፊሎቹ “እናት ሕዋሳት” ይሆናሉ። ዕድሜ ልክ የወንድ ዘር የሚመረተው ከእነዚህ ነው። በ35 ቀን ገደማ የመጀመሪያው የወንድ ዘር ተሠርቶ ያልቃል።

የእናት ሕዋሳቱን ዋጋ በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሙከራ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ራልፍ ብሪንስተርና ባልደረቦቹ ከአይጥ የዘር ፍሬ የወሰዷቸውን ሕዋሳት መካን ለሆኑ አይጦች ሰጡ። መካን የነበሩት አይጦች የወንድ ዘር ማምረት ጀመሩ፤ ልጆችም ተወለዱላቸው።

በሰው ልጅ ላይ ይኸው ለውጥ የሚካሄደው ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። ከረጢቱ ከቀሪው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሆድ ወይም ብሽሽት ውስጥ በቀረ የዘር ፍሬ ላይ ግን ለውጡ በአግባቡ አይካሄድም፤ ሕዋሳቱም እየመነመኑ ይሄዳሉ። ችግሩ በሁለቱም በኩል ሲሆን ወደፊት ልጅ የማግኘት ዕድሉን ይበልጥ ይቀንሰዋል። ከዚህም ሌላ በወጣትነት የዘር ፍሬ ካንሰር የመያዝ ዕድልን ከፍ ያደርገዋል።

ታዲያ ወላጆች ምን ያድርጉ?

- ሕፃኑን ለብ ባለ ውኃ ስታጥቡት ሁለቱም የዘር ፍሬዎች ከረጢቱ ውስጥ መኖራቸውን ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ብርድ ወደ ላይ ስለሚስባቸው በሙቀት ጊዜ መፈተሽ ይሻላል።
- ለግርዛት ስትወስዱት ባለሙያው ይህንንም እንዲያይላችሁ ጠይቁ።
- እስከ 6 ወር ድረስ በራሱ ሊወርድ ይችላል። ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ 6 ወሩ የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው።
- 6 ወር ሞልቶት ካልወረደ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። የቀዶ ሕክምናው ተመራጭ ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ነው። ይህ ዕድሜ ያለፈውም ቢሆን ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ከጉርምስና በፊት መታከም የካንሰሩን ሥጋት ይቀንሳል።
- ማሸት፣ መጎተትና የባህል መድኃኒት መቀባት አይረዳም፤ ሊጎዳም ይችላል።
- የልጁ ከረጢት ወይም ብሽሽት በድንገት አብጦ ካመመው ለነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይድረስ።

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በአንድ በኩል ብቻ ችግር የነበረባቸው አብዛኞቹ ወንዶች አድገው ልጅ ይወልዳሉ። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ አባቶች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁን ስታጥቡት እዩት። በልጅነቱ ዝም የተባለው ነገር ነገ የትዳሩ ፈተና እንዳይሆን።