ለነባሩ ፒካፕ ምን ይጨመርለት? በምንስ ቅደም ተከተል?

በደቡብ ወሎ ዘር፣ ችግኝ፣ ሲሚንቶ ወይም ሕመምተኛ ጭነው የሚመላለሱ የአብያተ ክርስቲያናት ፒካፖች ብዙውን ጊዜ ረጅም ዘመን ያገለገሉ ናቸው። ሲገዙም ከሞዴላቸው ዝቅተኛው ደረጃ ስለነበሩ መስኮታቸው በእጅ ይሽከረከራል፤ በራቸው አንድ በአንድ በቁልፍ ይዘጋል፤ የዝናብ መጥረጊያቸውም ከሁለት ፍጥነት በላይ አያውቅም። አዲስ መኪና መግዛት ከአብዛኛው ሰበካ አቅም በላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴንና ኮምቦልቻን የመታው ጦርነት ያደረሰው የንብረት ጉዳትም ገና በሁሉም ዘንድ አልተካካሰም። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላት በዕጃችን ያለውን መኪና ማሻሻል ይቻላልን? ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ይቻላል የሚል ነው፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የሹፌሩ ምኞት ሳይሆን መኪናው የሚሄድበት መንገድ ሊሆን ይገባል።

ፋብሪካው ያዘጋጀው ባዶ ቦታ

አንድ ፋብሪካ አንድን ፒካፕ በሁለትና በሦስት ደረጃ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ደረጃ የተለየ ሻንሲና ጋቢና አያወጣም። በአገራችን በብዛት የሚታየው ቶዮታ ሀይሉክስም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ምንም ሥራ የሌላቸው የሚመስሉት ትናንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች የከፍተኛው ደረጃ ማብሪያዎች የሚገቡባቸው ቦታዎች ናቸው። ከክዳኑ በስተጀርባ አንዳንድ ጊዜ ከምንም ጋር ያልተያያዘ የገመድ ሶኬት ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገመዱ ራሱ አልተዘረጋም። ሥራው ቀላል ወይም ከባድ የሚሆነው በዚህ ልዩነት ስለሆነ ምንም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ክዳኑን ከፍቶ እንዲያይ ማድረግ ይገባል።

ከዚያው ሞዴል ከፍተኛ ደረጃ የተፈታ ኦሪጅናል ዕቃ ከውጭ ከሚለጠፍ ዕቃ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በተዘጋጀለት ቀዳዳ ይገባል፣ በራሱ ሶኬት ይያያዛል፣ ሲበላሽም ማንኛውም ጋራዥ ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ በኮምቦልቻና በደሴ የመለዋወጫ ሱቆች ካልተገኘ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል።

መንገዱ የሚጠይቀው

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። መኪናው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ በሐረጎ ጠመዝማዛ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል ወይም ይወጣል። በክረምት ጉሙና ካፊያው የሹፌሩን ዓይን ይጋርዳሉ። ስለዚህ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ የፊት መብራቱና የደኅንነት ቀበቶው ደኅና መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ የመጀመሪያው ገንዘብ ማየት ለሚያስችሉ ነገሮች ይዋል እንላለን።

ከእነዚህ ቀዳሚው እያረፈ የሚሠራ የዝናብ መጥረጊያ ነው። ያለማቋረጥ የሚሠራ መጥረጊያ በካፊያ ጊዜ ደረቅ መስታወት እየፈተገ ጎማውን ይጨርሳል፣ መስታወቱንም ይጭራል። በብዙ ሞዴሎች ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ከመሪው ሥር ያለው እጀታ ወይም አንዲት ትንሽ ሪሌ ስለሆነ ወጪው ከሁሉም ያነሰ ነው።

ሁለተኛው የመስታወት ማሞቂያ ነው። ለሞቃት አገሮች ተብለው የተሠሩ አንዳንድ ፒካፖች አየር የሚነፋ ፋን ብቻ አላቸው። ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ በመሆኑ ነዳጅ ይህን ያህል አይጨምርም፤ ቱቦዎቹ ግን አዲስ መሆን አለባቸው፤ ካፈሰሱ ሞተር ያቃጥላሉና።

ሦስተኛው የጉም መብራት ነው። ረጅሙ መብራት በጉም ውስጥ ተመልሶ ሹፌሩን ያጥበረብራል፤ ዝቅ ብሎ የተገጠመ የጉም መብራት ግን የአስፋልቱን ጠርዝ ያሳያል። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት ባትሪ ከ9 አምፔር በላይ ይስባሉ። ይህን ያህል ኃይል በማብሪያው በኩል በቀጥታ ማሳለፍ ማብሪያውን ያቀልጠዋል። ስለዚህ የራሱ ሪሌና 15 አምፔር ፊውዝ፣ ይህን የሚችል ወፍራም ገመድም ያስፈልገዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ንብረት የሚጠብቀው ይመጣል። ሁሉንም በር በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ቁልፍ መድኃኒትና ሰነድ ለሚጭን መኪና ቅንጦት አይደለም። ሲገጠም ገመዱ ከጋቢናው ወደ በሩ በጎማ ቱቦ ውስጥ ማለፉን ማየት ይገባል። ባዶውን ያለፈ ገመድ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየተላጠ ሄዶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ምቾት ብቻ የሆነው በመጨረሻ ይታያል። የኤሌክትሪክ መስኮት ሲገዛ ማንሻው ከነሞተሩ፣ መሪው በግራ ከሆነ መኪና የተፈታ መሆን አለበት፤ መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የመጣ የሹፌር በር ማብሪያ አቀማመጡ ተቃራኒ ነው። የሞተር ዙር የሚያሳይ ቆጣሪ ለማግኘት መላውን የቆጣሪ ሰሌዳ የሚለውጡም አሉ። የናፍጣና የቤንዚን ሞተር ቆጣሪዎች ምልክት የሚቀበሉበት መንገድ ስለሚለያይ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ከሰሌዳው ጋር የኪሎ ሜትር ንባቡም ይለወጣልና የአሮጌው ንባብ በቃለ ጉባኤ ካልተመዘገበ የነዳጅና የዘይት ቁጥጥሩ መሠረት ያጣል።

በኃይል የሚታገዝ መሪ ግን ከዚህ ዝርዝር ውጭ ነው። ፓምፕ፣ የመሪ ሳጥን፣ ቱቦና ማሰሪያ የሚጠይቅ፣ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ሥራ ስለሆነ የተሟላ ዕቃና የተፈተነ መካኒክ ካልተገኘ አይሞከር።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

መኪናው የምእመናን ንብረት ነውና ሥራው በሹፌርና በጋራዥ ስምምነት ብቻ ሊያልቅ አይገባም። ጉባኤው የሚገጠመውን ዕቃና የገንዘቡን ልክ በቃለ ጉባኤ ይወስን፤ ቢያንስ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብስብ። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠየቅ፤ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ የቤተ ክርስቲያንንም ስም ያስነሣል። የተፈታው አሮጌ ዕቃ ተቆጥሮ ወደ ንብረት ክፍል ይመለስ። አዲስ የተዘረጋው ገመድ ቀለም፣ የሪሌውና የፊውዙ ቦታ በአንድ ገጽ ተጽፎ በመኪናው ፋይል ይቀመጥ፤ ባለሙያው ቢለወጥ ተተኪው በጨለማ አይዳክርም። ለውጡ ለመድን ድርጅቱም በጽሑፍ ይገለጽ።

ገንዘቡ ለሁሉም እንደማይበቃ እናውቃለን። ስለዚህ ጉባኤው በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ አንድ ጥያቄ ያንሣ፦ ይህ ዕቃ በሐምሌ ጉም ሐረጎን ለሚወርድ ሹፌርና ከኋላው ለተቀመጡት ምን ይጠቅማል? መልስ ያገኘው ይቅደም፤ መልስ ያላገኘው ለሌላ ዓመት በጀት ይቆይ።