ባጃጅ ላይ የተለጠፉት አጼ ቴዎድሮስ

ትናንት ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ አቃቂ የተሳፈርኩበት ባጃጅ የኋላ መስታወቱ ላይ አጼ ቴዎድሮስ ተለጥፈዋል፤ ሹሩባቸው፣ ጦራቸው፣ እግራቸው ሥር አንበሳ። «ኦሪጅናል ፎቷቸው ነው» አለኝ ሹፌሩ። በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶ እንደማይታወቅ ስነግረው ቅር አለው። «ታዲያ መልካቸውን ማን አየ?»

ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። እስክወርድ ድረስ መልሼ ስላልጨረስኩ እዚህ ልቀጥል።

ካዩት አንዱ በመጨረሻዋ ቀን ያያቸው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሲወድቁ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ነበር። የሞቱትን ንጉሥ ፊት ነደፈ። አስከሬናቸውን የሣለ ሌላም ሰው ነበር፤ ዘመዶቹ በ1959 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የንጉሡን የፀጉር ቁንጮ ሰጡ። ያ ፀጉር ነው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለአገሩ የበቃው።

የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎችም ነበሩት። የንጉሡን ልጅ ልዑል ዓለማየሁንና ተራራውን አንስተዋል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ጋዜጣ ፎቶን እንዳለ ማተም አይችልም ነበር፤ ስለዚህ «ኢላስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ሠዓሊውን ዊልያም ሲምፕሰንን ወደ ዘመቻው ላከ።

የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ንድፉ ለንደን ሲደርስ እንጨት ላይ ይገለበጣል። የሚመረጠው እንጨት ጠንካራ ቢሆንም ግንዱ ቀጭን ስለሆነ አንድ ገጽ የሚሞላ ጣውላ አይወጣውም። ስለዚህ ትንንሽ ቁራጮች ከኋላ በብሎን ይጋጠማሉ። ሥዕሉ ከተገለበጠ በኋላ ብሎኑ ይፈታና ቁራጩ ለየቀራጩ ይታደላል። አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ፈረሱን፣ አንዱ የሰውን ልብስ ሲቀርጽ ያድራል፤ ጠዋት ተመልሶ ይገጠማል። መቅደላን በዓይኑ ያላየ ሰው ነው ሸማችንን የቀረጸው። አንዳንዱ ሥዕል ላይ ጥለቱ ግራ የሚያጋባን ለዚህ ይመስለኛል።

ሸዋ በዚህ ረገድ ቀድማ ዕድል ቀንቷታል። ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር በ1841 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቶ በዓይኑ ያየውን ሥሏል። የሣላቸው ሥዕሎች ለንደን ውስጥ በ1852 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጡ። ያኔ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም።

የባጃጁ ቴዎድሮስ ደግሞ የእነዚህ ሁሉ የልጅ ልጅ ነው፤ ቀለሙ በኮምፒውተር የተቀባ። አልነቅፈውም፣ ያምራል።

ለእናንተ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የመቅደላን ዘመን የጋዜጣ ሥዕል ስታገኙ ስልካችሁ ላይ አጉሉት። ሰማዩን ወይም ገደሉን ሰንጥቃ የምታልፍ ቀጭን ነጭ መስመር ካያችሁ ቁራጮቹ የተጋጠሙባት ናት። ያገኘ ኮሜንት ላይ ይላክልኝ፤ ለሹፌሩም አሳየዋለሁ።