የጋራ ደጃችን ጀፎረ

እናቶችና እህቶች! ከወልቂጤ ወጥታችሁ ወደ ቸሃና እዣ መንደሮች ብትዘልቁ፣ ቤቶች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የቆሙበት ሰፊና ለምለም መንገድ ይቀበላችኋል። ጀፎረ ይባላል። እንሰቱ በጓሮ የየቤቱ ነው፤ ደጁ ግን የሁሉም። ደመራ የሚበራው፣ ሙሽራ የሚሸኘው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ልጅ የሚቦርቀው በዚሁ ነው። ዘበኛ የለውም፤ የሚጠብቀው የጆካ ባሕላዊ ሕግና የጎረቤት ዓይን ነው። አጥሩን ወደ ፊት የገፋ በሽማግሌዎች ይጠየቃል።

ይሁንና ዛሬ አንድ ክንድ፣ ነገ አንድ ክንድ ከተገፋ ጀፎረው ይጠባል። ቦይ ካልተጠረገም ሣሩን ጎርፍ ይሸረሽረዋል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ የየደጃችሁን ቦይ ከጎረቤት ጋር ጥረጉ። አጥር ሲታደስ የጥንቱ ወሰን እንዳይታለፍ ለአባወራው አሳስቡ፤ ለልጆችም ወሰኑን አሳዩ። ነገ ሙሽራዋም ቀባሪውም የሚያልፉት በዚያው ነውና።